ኢቲጂ ምንድን ነው? ቬፕ ያጨሰ ሰው «ጠጥቷል» ሊባል ይችላል?

ባለፈው ክረምት፣ ጅማ ላይ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ ማታ፣ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ከዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር። ፍርድ ቤቱ በየጊዜው ሽንት እየሰጠ እንዲመረመር አዞታል። መጠጡን እርግፍ አድርጎ ትቷል። በዚያ ሳምንት ግን የኢቲጂ ምርመራው፣ ሽንት ውስጥ የአልኮልን ዱካ የሚፈልገው ማለት ነው፣ «ፖዘቲቭ» ሆኖ መጣ።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት በአፌ አልዞረም» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፣ «ይሄ ቬፑ ይሆን እንዴ?»

እኔን የጠየቀኝ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ስላልሆነም ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቬፑን እንየው። ቬፕ የምንለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ትምባሆ አያቃጥልም። ፈሳሽ አሙቆ ወደ ጉም ይቀይራል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፓይሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ሁለቱ ዋና ፈሳሾች በኬሚስትሪ ከአልኮል ዘር ይመደባሉ። ይህ ግን አያስደንግጣችሁ፣ የሚያሰክረው ኤታኖል አይደሉም። ኤታኖል በአብዛኛው የሚገባው በማጣፈጫው በኩል ነው። የማንጎ ወይም የቫኒላ ጣዕም አንዳንድ ጊዜ በኤታኖል ይሟሟል። ስለዚህ አንዳንዱ ፈሳሽ ውስጥ ምልክት ያህል ብቻ ሲገኝ፣ አንዳንዱ ውስጥ ግን 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም።

አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ከልክሏል። ቢሆንም ከውጭ የመጣ ሰው ኪስ ውስጥ አይጠፋም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያ የጣፋጭ ሽታ ሽው ሲል እኔም አፍንጫዬን ይዞኛል።

አሁን ወደ ኢቲጂ። ሙሉ ስሙ ኤቲል ግሉኩሮናይድ ነው። አልኮል ደም ውስጥ ሲገባ ጉበት አብዛኛውን ሰባብሮ ያስወግደዋል። ከ1,000 እጅ አንድ እጅ የማይሞላው ግን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ኢቲጂ ይሆናል፤ በሽንትም ይወጣል። አልኮሉ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ሲጠፋ፣ ኢቲጂ ግን ብዙ ከተጠጣ እስከ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ፍርድ ቤቶችና የሱስ ማገገሚያዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ቅዳሜ የተጠጣውን ሰኞ ያገኘዋል።

ሐሙስ ገበያ በዋለ ማግስት ጠዋት ቀዩን ጭቃ አይታችሁታል? የአህያ ዱካ ሞልቶበታል። አህያ ማለፏን ዱካው ይነግራችኋል። ቡና ጭና ይሁን ባዶዋን አይነግራችሁም። የዱካው ጥልቀት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ምስክር አይሆንም። ኢቲጂም እንደዚያ ነው። ኤታኖል በዚህ ሰውነት ውስጥ እንዳለፈ ይናገራል። በብርጭቆ ይለፍ፣ በእጅ ማጽጃ ይለፍ፣ በአፍ መጉመጥመጫ ይለፍ፣ ለይቶ አያውቅም።

የኢቲጂን ጥልቀት የምንለካው በናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) በሚሊ ሊትር ነው። አንዳንድ ላብራቶሪ ከ100 ጀምሮ ፖዘቲቭ ይላል፤ ሌላው ከ500። ልዩነቱ ትልቅ ነው። 100 ላይ ምንም ያልጠጡ ሰዎችም ሊያዙ ይችላሉ። የአሜሪካ መንግሥት የሱስና የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤት፣ ሳምሳ የሚባለው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ ኢቲጂን ብቻውን ይዞ ሰው ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም ብሏል። ከ1,000 በላይ የሆነ ቁጥር ግን በአብዛኛው የቅርብ ጊዜ መጠጥን ነው የሚያመለክተው።

ታዲያ ቬፕ ይህን ዱካ ሊተው ይችላል? አዎ፣ ፈሳሹ ብዙ ኤታኖል ካለው ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 23.5 በመቶ አልኮል ያለውን ፈሳሽ 0.4 በመቶ ካለው ጋር አነጻጽረዋል። ብዙ አልኮል ያለውን ከሳቡት መካከል አንዳንዶቹ ሽንት ውስጥ ኢቲጂ ተገኘ። ሰዎቹ ራሳቸው ልዩነት አልተሰማቸውም።

መጠኑን ግን አብረን እንቁጠረው። አንድ ሰው በቀን ሁለት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጨረሰ እንበል። ከዚያ 20 በመቶው ኤታኖል ቢሆን 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር አለ። የቀኑ ቬፕ የአንድ ቢራ አርባኛ እጅ ገደማ ነው። ይህ መጠን ሰውን አያሰክርም። ጥቂቱንም በሚይዝ ምርመራ ላይ ግን ጭረት ሊተው ይችላል። በሌላ በኩል፣ 3,000 ወይም 5,000 የወጣለት ሰው «ቬፑ ነው» ቢለኝ እኔ አላምነውም። ይህን ለአክስቴ ልጅም በግልጽ ነግሬዋለሁ።

የትንፋሽ ምርመራ ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው የሚፈልገው ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣ አየር ነው። አሁን የሳበ ሰው ግን አፉ ውስጥ የኤታኖል እንፋሎት ይቀራል። ወዲያው ቢነፋ መሣሪያው ሊያነብበት ይችላል። ይህ የአፍ አልኮል በደቂቃዎች ይበናል። አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲመረመሩ፣ የመጀመሪያው ንባብ 0.02 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ማረጋገጫው የሚወሰደው ለዚህ ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ማለት ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት የተነፋ ንባብ ብቻውን ሰውን ሊያስከስስ አይገባም።

በሽንት በኩል ደግሞ ቬፕ የሌለበትም ስህተት አለ። ፈጣኑ የኢቲጂ ምርመራ ከአንዳንድ የእጅ ማጽጃ የሚመጣን ሌላ ኬሚካል ከኢቲጂ ጋር ሊያምታታ ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለ ባክቴሪያው ኢቲጂውን ሊሠራውም ሊያጠፋውም ይችላል። ያደረ ብርዝም ቢሆን ውስጥ ውስጡን ይፈላል፤ «ብርዝ እኮ አያሰክርም» ብሎ ውጭ አገር በየቀኑ የሚጠጣ የእኛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ፖዘቲቭ የመጣለት ሰው ምን ይጠይቅ? አንደኛ፣ ቁጥሩን። «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ናሙናው በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ኬሚካሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ እንዲረጋገጥ። አብሮም ኢቲኤስ የሚባለው ሁለተኛ ዱካ እንዲታይ፤ እሱን ባክቴሪያ እንደ ኢቲጂ አያጫውተውም። ፔዝ የሚባል የደም ምርመራም አለ። ያለፉትን ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት መጠጥ ስለሚያሳይ፣ በእርግጥ ያቆመን ሰው ሊያድን ይችላል። ውኃ በብዛት ጠጥቶ መሄድ ግን ሞኝነት ነው። ሽንቱ መቅጠኑ ይለካል፣ ጥርጣሬውም ይብሳል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ገና ሲጀመር «አልኮል ያለበት ማጽጃም መጉመጥመጫም አልጠቀምም» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። የፈረመ ሰው ጥፋቱ የቬፑ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ የእሱ ሊሆን ይችላል። ቬፑን መተው ያለበት ውጤት ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት ነው።

ሃይማኖቱ አልኮልን የሚከለክለው ሰው፣ ጅማ ውስጥ ደግሞ ብዙ ነው፣ ስለ ጣፋጩ ጉም ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ኡስታዙ ይመልስለት። እኔ የምለው ኤታኖል ሊኖርበት እንደሚችል ነው።

የአክስቴን ልጅ የጠርሙሱን ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ላከ። ጥቃቅኑን ጽሑፍ አጉልቼ አነበብኩ። ፕሮፓይሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲን፣ ከዚያ «ማጣፈጫዎች» ይላል። ማጣፈጫው በምን እንደተሟሟ አንድ ቃል የለም። የውጤቱ ቁጥር ስንት እንደሆነም ማንም እንዳልነገረው ገባኝ። በማግስቱ ጠበቃው ዘንድ ሄዶ ቁጥሩንና የማረጋገጫ ምርመራውን በጽሑፍ ጠየቀ። ቬፑን በዚያው ማታ ጥሎታል።