ሂላ የሚባለው መርዛማ እንሽላሊት ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ «መርዛማ እንሽላሊት» ሲባል የብዙ ሰው ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው እስስት ላይ ነው። እስስት መርዝ የላትም። ማታ ማታ በረንዳ መብራት ሥር ትንኝ የምትለቅመዋም የላትም። ወንዝ ዳር የሚገኘው አርጃኖ ጥርሱም ጥፍሩም ክፉ ነው፤ በጅራቱም ይገርፋል። የአፉ መርዝ ሰውን ምን ያህል ይጎዳል በሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ንክሻው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ መርዝ እንዳለው በእርግጥ የታወቀው ሂላና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። እነሱም እኛ ዘንድ የሉም፤ ዘመዶቹ ሜክሲኮና ጓቲማላ፣ ሂላ ራሱ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ በረሃ ይኖራል። ስሙን ያገኘው ከአንድ የአሪዞና ወንዝ ነው።

ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አሪዞና የሚሄድ ሰው ምልክቶቹን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሲያድግ አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቆዳው ጨሌ የተደረደረበት ይመስላል፤ በጥቁር ላይ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ጥለት አለው። ጅራቱ አጭርና ወፍራም ነው፤ እንደ በግ ላት ስብ ያጠራቅምበታል። ሲራመድ ከባድና ዝግተኛ ነው። በዚያ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንዲት ትንሽ ባለ ዝንጉርጉር የሌሊት እንሽላሊት ነው፤ «የሂላ ግልገል» ይሏታል። የእሷ ቆዳ ግን ስስና ለስላሳ ነው፣ ጨሌ የለውም። የሂላ ግልገል ደግሞ ከእንቁላል ሲወጣ እንኳ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ሂላን ማየት ዕድል ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ዕድሜውን ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋልና። የተሻለው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ጠዋት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ደግሞ ማምሻውን፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ። ድንጋያማ ተዳፋትና ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ዳር ይመላለሳል፣ የወፍና የኤሊ እንቁላል ይፈልጋል። ካዩት ከሁለት ሦስት ሜትር ወዲህ አይቅረቡ፤ ፎቶውን በዙም ያንሱ። «ዝግተኛ ነው» ብለው እንዳይዘናጉ፤ አካሄዱ ነው እንጂ አንገቱ ዝግተኛ አይደለም፣ ወደ ጎን ዞሮ ሲነክስ ፈጣን ነው። ድንጋይ አያንሱ፣ ያላዩት ስንጥቅ ውስጥም እጅ አይስደዱ። ይህ ምክር ከሂላ ይልቅ ለእባብ ይበልጥ ይሠራል፤ እዚያው በረሃ ጅራቱን የሚያንቋቋው እባብ አለና። አሪዞና ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሂላን በሕግ ስለምትጠብቅ መያዝም መነካካትም ያስቀጣል።

የንክሻው አደጋ ከአነካከሱ ይመጣል። እባብ መርዙን በጥርሱ ገፍቶ ያስገባል። የሂላ መርዝ ዕጢ ግን በታችኛው መንጋጋ ነው ያለው፤ መርዙ ቦይ ባላቸው ጥርሶች ላይ እየፈሰሰ ይገባል። ስለዚህ ነክሶ አይለቅም፣ ያኝካል። በቆየ ቁጥር የሚገባው መርዝ ይበዛል። ከባድ ሕመም፣ እብጠት፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። (ይኸው መርዝ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለፈቀደችው የስኳር በሽታ መድኃኒት መነሻ የሆነው።)

ሂላ ቢነክስ የእንሽላሊቱ እግር መሬት እንዲነካ ያድርጉ፤ ድጋፍ ሲያገኝ አንዳንዴ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ጠንካራ እንጨት በመንጋጋዎቹ መካከል አስገብተው አፉን ያስከፍቱ። መንጭቀው አይሳቡት፤ ሥጋ ይቀዳል፣ ጥርሱም ተሰብሮ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ በውኃ ይጠቡ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሐኪም ይሂዱ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ጉዳት ይጨምራል እንጂ አያድንም። ማርከሻ መድኃኒት ስለሌለው ሐኪሙ የሚያክመው ሕመሙንና የደም ግፊቱን ነው፤ ተሰብሮ የቀረ ጥርስ መኖሩን እንዲያይ ይንገሩት።