«የገዛ ብሬን ማን ይከለክለኛል?» ስለ ካርድ ገደብና ስለ ባንክ አገልግሎት የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የካርድና የሞባይል ባንኪንግ ጠረጴዛ ላይ ነው የምሰራው። ጠዋት በሩ ከተከፈተ ጀምሮ የምሰማው ቅሬታ ዓይነቱ ከጥቂት አያልፍም። ግማሹ እውነት ነው፤ ባንኮች ሊያፍሩበት የሚገባ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግማሹ ግን አንዱ ከሌላው እየሰማ የሚያዛምተው ስህተት ነው። ስህተት ሆኖ ብቻ ቢቀር ባልከፋ፤ ሰውን ገንዘብ እያስበላ ነው። ሰልፍ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አላስረዳ ነገር፣ ከኋላ ያለው «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

«ሊሚት የጣሉብን ብር ስለሌላቸው ነው»

የሰለቸኝ ይሄኛው ነው። ሊሚት የሚሉት የካርድ ገደብን ነው፤ በካርድ በቀን ከዚህ በላይ አይወጣም የሚለውን። ሰውየው ኤቲኤም ላይ የፈለገውን ያህል ማውጣት ሲያቅተው በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣና፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባንኩ ከሰረ እንዴ? የገዛ ብሬን ማን ይከለክለኛል?» ይላል። ከኋላው ያሉት ይተያያሉ። ማታ ቡና ላይ ወሬው ይዞራል። በማግስቱ ከሐይቅና ከኩታበር ሳይቀር «ብራችን አለ ወይ?» እያሉ የሚመጡ አሉ።

የጥሬ ብር እጥረት የለም አልልም። አለ። አረፋ ሲደርስ፣ የገና ዋዜማ፣ የሰርግ ሰሞን ማሽን ባዶ ይሆናል፤ ቅርንጫፍም ይጨንቀዋል። ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ብር ያለቀበት ማሽን ለማንም አይሰጥም፤ የአንተን ካርድ ለይቶ «የቀን ገደብህን አልፈሃል» አይልም። የካርድ ገደብ ብር በተትረፈረፈበት ቀንም አለ። አሜሪካም ዱባይም አለ።

ምክንያቱ ሌባ ነው። መስኮት ላይ ስትመጣ መታወቂያህን እናያለን፣ ፊርማህን እናመሳክራለን፣ ፊትህን ከፎቶህ ጋር እናስተያያለን። ማሽን ይሄን አያደርግም። ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ይዞ የመጣ ሁሉ ለማሽኑ የሂሳቡ ባለቤት ነው። ገደቡ የተቀመጠው ለዚያ ሰው ነው።

አንዲት እናት ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ እየሰራች የምትልከው ብር በሙሉ በእሳቸው ሂሳብ ነው የሚገባው፤ ቤት ልትሰራበት ነው። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ማሽን ላይ ሁልጊዜ ሰው ይለምናሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ትሁት ልጅ «እማማ፣ ላግዝዎት» ብሎ ተቀበላቸው። የጠየቁትን ብር አውጥቶ ሰጣቸው፣ ካርድም መለሰላቸው፣ መርቀውት ሄዱ። በማግስቱ ካርዱ አልሰራ ሲላቸው እኔ ጋ መጡ። ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡት። ካርዱ ላይ የተጻፈው የወንድ ስም ነው። አብራው የተቋጠረች ቁራጭ ካርቶን አለች፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ አራት ቁጥር ተጽፎባታል። ልጁ የሚስጥር ቁጥሩን ያነበበው ከእሷ ላይ ነው።

ያን ማታ በካርዳቸው የቻለውን ያህል አውጥቷል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ማሽኑ አቆመው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሞክሮ አወጣ፣ እንደገና ገደቡ አቆመው። ጠዋት ካርዱን ዘጋነው። የሄደው ሄደ፤ የልጅቷ የዓመታት ድካም ግን እዚያው ሂሳቡ ውስጥ ነበር። ገደብ ባይኖር ኖሮ በዚያ ጠዋት እሳቸውን ምን እላቸው ነበር? ጅዳ ላለችው ልጅስ ማን ይደውልላት ነበር? እንግዲህ ሰው መጥቶ «ሊሚት ለባንኩ ጥቅም ነው» ሲለኝ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ከካርዱ ገደብ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ግንቦት 2012 ላይ ብሔራዊ ባንክ ግለሰብ በቀን ከ200 ሺህ፣ ድርጅት ከ300 ሺህ ብር በላይ በጥሬው እንዳያወጣ ወስኖ ነበር፤ ከወራት በኋላም ይበልጥ አጠበቀው። ያ የመንግሥት መመሪያ ነበር፣ የሚመለከተውም ጥሬ ብር ማውጣትን ነበር። የካርድህን ገደብ ግን የሚወስነው የራስህ ባንክ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅም ማስጨመርም ይቻላል።

«ገደብ ማለት አንድ ቁጥር ነው»

አይደለም። በኤቲኤም የሚወጣው ለብቻው ነው፤ ሱቅ ውስጥ በፖስ ማሽን የሚከፈለው ለብቻው ነው፤ በሞባይል የሚላከውም ለብቻው ነው። የኤቲኤም ገደብህ አልቆ በፖስ መክፈል የምትችልበት ጊዜ አለ። ማሽኑም የራሱ አቅም አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚተፋው የብር ቅጠል ብዛት የተወሰነ ነው። አርባ ቅጠል ብቻ የሚያወጣ ማሽን ባለ 200 ከተሞላ 8,000 ብር ይሰጥሃል፣ ባለ 100 ከተሞላ 4,000። ትናንት የሰጠህን ዛሬ በአንዴ ካልሰጠህ ማንም አልቀነሰብህም፤ ካርዱን አውጥተህ እንደገና አስገባ።

ሌላው የ«ቀን» ጉዳይ ነው። እኛ ቀን የምንለው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። በእኛ ባንክ ሲስተም ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት አውጥቶ «ሃያ አራት ሰዓት መጠበቅ አለብኝ» ብሎ የገበያ ቀን ያመለጠው ነጋዴ አውቃለሁ። ሰኞ ማለዳ ባቲ ደርሶ ከብት መግዛት ሲችል ደሴ ተቀምጦ ማታን ይጠብቃል።

«ካርዴ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ተበላሽቷል»

ፒያሳ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ሙሽራ ፍሪጅና ምድጃ መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ካርዱን ሰጠ። እምቢ አለ። ደገመ፣ እምቢ አለ። ሻጩን ሰደበ፣ ባንኩን ሰደበ፣ ዕቃውን ጥሎ ወጣ። ሂሳቡ ላይ ከበቂ በላይ ብር አለ። ደረሰኙን ሲያሳየኝ 61 ይላል።

ስሙኝ፣ ይሄን ያዙት። ፖስ ማሽን ሲከለክል ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር ያሳያል፤ ካላያችሁት ሻጩን ጠይቁት። 51 ካለ ሂሳቡ ላይ በቂ ብር የለም። 55 ካለ የሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል። 61 የገንዘብ ገደብ ታልፏል ማለት ነው። 65 ደግሞ በቀን የተፈቀደው የአጠቃቀም ብዛት አልፏል። 75 የሚስጥር ቁጥር ደጋግማችሁ ተሳስታችኋል። 91 ካለ የባንኩ ሲስተም አልተገኘም፤ እሱ ላይ የእናንተም የሻጩም ጥፋት የለም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ። ቁጥሩን ይዞ የመጣን ሰው ወዲያው ነው የምረዳው። «ዝም ብሎ እምቢ አለ» ያለኝን ግን ከዜሮ ነው የምጀምረው።

ትልቅ ግዢ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ኑ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቅርንጫፍ መጥቶ ቅጽ ሞልቶ የካርድ ገደብ ማስጨመር ይቻላል፤ ጨርሳችሁ ስትመለሱ ወደ ነበረበት አስመልሱት። ካልሆነም ብሩን በቀጥታ ወደ ሻጩ ሂሳብ አስተላልፉ፣ ወይም ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት የክፍያ ማዘዣ) አሰሩ። ሙሽራው በመጨረሻ ከቅርንጫፍ አስተላልፎ ነው ፍሪጁን የወሰደው፤ ያን ሁሉ ስድብ ግን ሻጩ በከንቱ ጠጥቶታል።

«መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትችላለች፣ ግን አትፈልግም»

አትችልም። ገደብ ሲቀየር አንዱ ሠራተኛ ይሞላል፣ ሌላ ኃላፊ ያጸድቃል። አንድ ሰው ብቻውን የማንንም ገደብ እንዳይነካ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሰራው። የሚስጥር ቁጥራችሁንም ማናችንም አናየውም። ስለዚህ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሊሚት ልጨምርልዎት፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉት።

አጫጭሮቹን ልጨርስ። የሚስጥር ቁጥርን ገልብጦ ማስገባት ፖሊስ አይጠራም። ሦስት ጊዜ መሳሳት ካርዱን ያዘጋል እንጂ ብር አያጠፋም። ኤቲኤም ካርድ ብድር አይሰጥም፣ የሚያወጣው የራሳችሁን ተቀማጭ ነው፤ ከወለድ ነፃ ሂሳብ ያላችሁም በዚህ ካርድ ምክንያት የሚታሰብባችሁ ወለድ የለም፣ አብሽሩ። ማሽን ተሳስቶ ካላችሁ በላይ ቢሰጣችሁ ሐላል ሲሳይ አይደለም፤ መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ጊዜ ከሂሳባቸው በላይ አውጥተው ያልመለሱ ሰዎች ስማቸውና ፎቶአቸው ተለጥፎ አይተናል። ካርዱ ላይ ቪዛ ስለተጻፈበትም ከውጭ ድረ ገጽ ይገዛል ማለት አይደለም። የብር ካርድ አገር ውስጥ ነው የሚሰራው፤ ለውጭ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለብቻው አለ፣ ለመንገደኛ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይጠየቅበታል።

«የአሜሪካ ካርድ ላሊበላ ላይ እምቢ ያለው የእኛ ባንክ ደካማ ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ምንም አይሰራም። ብዙ ጊዜ ግን የሚከለክለው እዚያው አሜሪካ ያለው ባንክ ነው። ሜሪላንድ ሲገዛ የኖረ ካርድ ድንገት ወሎ ላይ ሲታይ ተሰርቋል ብሎ ይዘጋዋል። ዘመዶቻችሁ ሲመጡ ከመነሳታቸው በፊት ለባንካቸው ይንገሩ። ሌላም ንገሯቸው፤ ሆቴል ሲገቡ ለመያዣ የሚታገደው ገንዘብ ከካርዱ አቅም ላይ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ሳይገዙ «ሞላ» ሊባሉ ይችላሉ። በክሬዲት ካርድ፣ ማለትም በብድር በሚሰራ ካርድ፣ ከኤቲኤም ጥሬ ብር ማውጣት ደግሞ ውድ ነው። ክፍያ አለው፣ ወለዱም በአብዛኛው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው።

«ብር ቤት ይሻላል»

ይሄን የሚሉ ሰዎችን አልቆጣም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባንክ ተዘጋ፣ ማሽን ቆመ፣ ሂሳቡ ሙሉ የሆነ ሰው ዳቦ መግዣ አጣ። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ ደግሞ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ በስልክ መክፈልን የለመደ ሁሉ ተቸገረ። ይሄን ያየ ሰው ጥቂት ጥሬ ብር እጁ ላይ ቢያስቀር ልክ ነው፣ እኔም አስቀምጣለሁ።

ስህተቱ «ቅርንጫፉ ሲዘረፍ የእኔም ብር አብሮ ተዘረፈ» የሚለው ነው። ሂሳባችሁ ቅርንጫፉ ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም ያለው። ማዕከላዊ ሲስተም ላይ ነው። በሩ ተሰብሮ፣ ወንበሩ ሳይቀር ተወስዶ፣ ስንመለስ የደንበኛው ሂሳብ እንደነበረ ነው ያገኘነው። ፍራሽ ስር የነበረ ብር ግን አንዴ ከተወሰደ መዝገብ የለውም።

«ማሽኑ ብሬን ቆርጦ አልሰጠኝም፤ በቃ፣ ቀረ»

አልቀረም። ማሽኑ የቆጠረውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ሲታሰብ ትርፉ ይገኛል። የራሳችሁ ባንክ ማሽን ከሆነ ቶሎ ይጣራል። የሌላ ባንክ ከሆነ ባንኮችን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ስለሚሄድ ይዘገያል። ማመልከት ያለባችሁ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው፤ ማሽኑ ያለበት ባንክ በር ላይ ቆመው ከጥበቃው ጋር ሲጣሉ የሚውሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ መጠኑን ጻፉ። ወረቀት ካወጣ ያዙት፣ ካላወጣ የስልክ መልእክቱን አታጥፉ።

«መጮህ ካልሆነ ባንክ አይሰማም»

እዚህ ላይ ደንበኛው እንዲህ እንዲያስብ ያደረግነው እኛ ነን። ከደላንታ፣ ከወረባቦ ተነስቶ የትራንስፖርት ከፍሎ የመጣን ገበሬ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ መመለስ ነውር ነው። ቢያንስ ስልኩን ተቀብሎ ሲስተም ሲመጣ መደወል ይቻላል። ገደብ ሲቀየር ለደንበኛ አለመንገርም ነውር ነው፤ አንድ አጭር መልእክት ይበቃ ነበር። የጥሪ ማዕከሉ ሙዚቃ እያሰማ ሰውን ሲያስጠብቅ እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ እናደዳለሁ። ቢሆንም ካርድ ሲጠፋ ከማዕከሉ የሚፈጥን መንገድ የለም፤ በተለይ ማታና እሁድ። ቁጥሩን በራሳችሁ ስልክ ላይ ብቻ አትያዙት፣ ቦርሳና ስልክ አብሮ ነው የሚሰረቀው። በባላችሁ፣ በሚስታችሁ፣ በልጃችሁ ስልክ ላይም አስቀምጡት።

መጮህ ግን የትም አያደርስም። የሚያደርሰው ወረቀት ነው። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ለመጠበቅ ያወጣው መመሪያ አለ፤ ባንክ ቅሬታ ተቀብሎ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉት። መጻፍ ካልቻላችሁ «ጻፉልኝ» በሉ፣ እንጽፋለን። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ ማህተምና የተቀበለው ሰው ፊርማ፣ ቀንም ይኑርበት፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ቅርንጫፍ ዝም ካላችሁ ለዲስትሪክት፣ ከዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስገቡ። እነሱም ካልመለሱ ያንኑ ማህተም ያለበትን ኮፒ አያይዛችሁ ለብሔራዊ ባንክ አመልክቱ። ማህተም አናደርግም የሚል ሠራተኛ ከገጠማችሁ ሥራ አስኪያጁን ጥሩ፤ ማህተሙን ሳትይዙ ከቅርንጫፉ አትውጡ።