ዓሣ አይበላም፣ አይዋኝም፦ ስለ ሐዋሳ ጉማሬ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚዞር ሰው ከጉማሬ የሚያየው ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ነው። ስለ እንስሳው የሚወራው አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ውሃው ከሸፈነው ከቀረው አካሉ ይመስለኛል።

«ጉማሬ ዓሣችንን ጨረሰው» የሚል ሰው በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ቆሮሶ ዓሣ በሚገፈፍበት ስፍራ አይጠፋም። ጉማሬ ግን ሣር በል ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ከውሃው ወጥቶ ሲግጥ ያድራል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ሊበላ ይችላል። ሣሩን የሚነጨው በሰፊ ከንፈሩ ነው፤ እስከ ግማሽ ሜትር የሚረዝሙት ክራንቻዎቹ ለጠብ እንጂ ለግጦሽ አይደሉም። ሥጋ ሲበላ የታየባቸው አጋጣሚዎች ቢኖሩም እጅግ ጥቂት ናቸው። መረብ ይቀድዳል፣ የበቆሎ ማሳ ያወድማል ተብሎ ቢከሰስ አልከራከርም። በዓሣው ግን ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። እንዲያውም ሌሊት የጋጠውን ቀን ውሃ ውስጥ ስለሚጥል፣ ፍጉ ዓሦች የሚመገቧቸውን ጥቃቅን ነፍሳት ያለማል። እርግጥ በረጋ ውሃ ውስጥ ከልክ በላይ ሲከማች ኦክስጅን ያሳንሳል።

ዋናተኛ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። ሰውነቱ ከባድ ስለሆነ አይንሳፈፍም፤ የውሃውን ወለል እየረገጠ ነው የሚሄደው። ተኝቶ እንኳ በየጥቂት ደቂቃው ሳይነቃ ብቅ ብሎ ይተነፍስና ተመልሶ ይሰጥማል።

ከሁሉም አደገኛው ስህተት «ሲያዛጋ እንቅልፍ መጥቶበት ነው» የሚለው ነው። አፉን በልጥጦ ክራንቻውን ሲያሳይ ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቁ ነው። ያን አፍ ፎቶ ለማንሳት «ትንሽ ጠጋ በል» እያለ ጀልባ ነጂውን የሚጨቀጭቅ እንግዳ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኮርማው በውሃው ውስጥ የሚጠብቀው ክልል አለው፤ ግልገል የያዘች እናት ደግሞ ጨርሶ አትታገሥም። ነጂው ራቅ ብሎ የሚቆመው ፈሪ ስለሆነ አይደለም።

ወፍራም ነው፣ ሮጦ አይደርስም ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በተለይ ንጋት ላይ ከግጦሽ ሲመለስ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ክፉ ነው።

ደም ያልበዋል ይባላል። ከቆዳው የሚወጣው ፈሳሽ ደምም ላብም አይደለም፤ ሲወጣ ቀለም የለውም፣ ቆይቶ ይቀላል፣ በኋላም ቡናማ ይሆናል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት ጥናት ቀለሙ የፀሐይ ጨረርን እንደሚመክትና ባክቴሪያን እንደሚገታ አሳይተዋል። ይህ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ለአለንጋ የሚመረጠው ያ ወፍራም ቆዳ የላይኛው ሽፋኑ ስስ ነውና ከውሃ ውጭ ቶሎ ይደርቃል።

የአሳማ ዘመድ ነው የሚለውን ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ ያምኑበት ነበር። የዘረመል ጥናት ግን በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ ዓሣ ነባሪዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። ግልገሉም እንደ እነሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጡት መጥባት ይችላል።