የሞስ ዛፍ ምንድን ነው?

የሞስ ዛፍ ስሙ እንጂ ዛፍ አይደለም። አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ውስጥ ቆሞ የሚታየው ያ አረንጓዴ ዛፍ የሞተ እንጨትና እንጨቱ ላይ የታሰረ ሞስ ነው። ሞስ ክረምት ሲገባ እርጥብ ድንጋይና አሮጌ አጥር ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። አኳሪየም ውስጥ የሚገባው ደግሞ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ መኖር የሚችለው ዓይነት ነው። እንጨቱ ግንድና ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ሞሱ ቅጠል።

ሞስ ለዚህ የተመረጠው እውነተኛ ሥር ስለሌለው ነው። አፈር አይጠይቅም። ምግቡን በቅጠሉ በኩል ከውሃው ይወስዳል። ሥር የሚመስሉት ቀጫጭን ክሮች ዋና ሥራቸው መያዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሸካራ ነገር ካገኘ ይጣበቃል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ጃቫ ሞስን ነው። ርካሽ ነው፣ ብርሃን ቢያንሰውም አይሞትም፤ ግን ወደፈለገበት ይንጨባረራል። ክሪስማስ ሞስ ቅርንጫፎቹ ሦስት ማዕዘን እየሠሩ ስለሚደራረቡ ቅጠል ያስመስላል። ለዛፍ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው ሞሱ ላይ ነው። ዛፉን ዛፍ የሚያስመስለው ግን እንጨቱ ነው። ታች ወፍራም ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚበተን እንጨት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ እንደ ልብ አይገኝም። ዘዴው ሥር መፈለግ ነው፤ ሥሩን ገልብጦ ማቆም። መሬት ውስጥ ይሰራጩ የነበሩት ቀጫጭን ሥሮች ተገልብጠው ቅርንጫፍ ይሆናሉ። በአኳሪየም ሱቆች ስፓይደር ዉድ ተብሎ የሚሸጠው እንጨት ለዚህ የሚወደደው ቅርንጫፉ ብዙና ቀጫጭን ስለሆነ ነው። ከወንዝ ዳር እንጨት የምትለቅሙ ከሆነ ሙሉ በሙሉ የደረቀና ልጡ የተላጠ ይሁን። እርጥብ እንጨት ይበሰብሳል። እንደ ጥድ ያለ ሙጫና ሽታ ያለውንም ተዉት።

እንጨቱ ወደ አኳሪየሙ ከመግባቱ በፊት ይቀቀላል፤ ለድስት ከተለቀ ባልዲ ውስጥ ውሃው እየተቀየረ ይዘፈዘፋል። ውሃው ሻይ ቢመስል አትደንግጡ፤ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን የሚባል ቀለም ያለው ነገር ነው፣ አብዛኞቹን ዓሣዎች አይጎዳም። ደረቅ እንጨት ይንሳፈፋል። ውሃ ጠጥቶ እስኪሰጥም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መጠበቅ ያቃተው ሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በማይዝግ ቪቴ ያስረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ ዝልግልግ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ያስጠላል፤ ግን ጉዳት የለውም፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ (ብዙ እግር ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ) ይበሉታል።

አሁን ሞሱ። ብዙ ሰው ሞሱን በጭብጡ አንስቶ ቅርንጫፉ ላይ ይከምረዋል። ያኔ የታችኛው ክፍል ብርሃን ያጣል፣ ይበሰብሳል፣ በኋላ ሁሉም ተገንጥሎ ይንሳፈፋል። ይልቅ በመቀስ አድቅቁትና በስሱ አልብሱት፤ እንጨቱ በመሃል እየታየ ይሁን። በጥጥ ክር ማሰር ይቻላል፤ ክሩ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል፣ እስከዚያ ሞሱ ራሱን ይይዛል። ጄል የሆነ ሱፐር ግሉም ይሠራል። እርጥበት ሲነካው ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ዓሣ አይጎዳም። ጠብታ ብቻ ይበቃል። ግንዱን ግን ባዶውን ተዉት። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የለበሰ ነገር ዛፍ ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው።

ሞስ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ብርሃን ጨምሬ ላፍጥነው ማለት ደግሞ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ዝቃጭ መሳይ ነገር) ያመጣል። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል የሚቆይ መብራት ይበቃል። ሞስ ውስጥ የገባ ክር መሳይ አልጌ ለቅሞ ለማውጣት በጣም አስቸጋሪ ነው። እዚህ ላይ አማኖ ሽሪምፕ ይረዳል። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ነው። አኳሪየም ውስጥ መልክዓ ምድር መሥራትን ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ሽሪምፑንም አልጌ እንዲበላ ብሎ ያስለመደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመው ኩባንያ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ ውድድር ያዘጋጃል። እዚያ ከሚቀርቡት ሥራዎች ብዙዎቹ ሙሉ ደን ናቸው።

ዛፉ ካደገ በኋላ ዋናው ሥራ መከርከም ነው። ዓሣውም ትንሽ ይሁን፤ ኒዮን ቴትራ ዛፉን ትልቅ ያስመስለዋል፣ ወርቃማ ዓሣ ግን ድንክ ያደርገዋል፤ ሲያገኝም ይነቅለዋል። ስትከረክሙ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) አጥፉ፤ የተቆረጠውን ብናኝ በቀጭን ጎማ ስባችሁ አውጡ። የቀረችው ቁራጭ ጠጠሩ ውስጥም ሆነ ፊልተሩ አፍ ላይ፣ ያረፈችበት ቦታ ትበቅላለች።