ዲኤስኤስ ላይ «24:00» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ኤችኢሲ-ዲኤስኤስ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የሃይድሮሎጂ ማዕከል፣ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ላይ ያዘጋጀው የመረጃ ማስቀመጫ ነው። ዝናቡም፣ የወንዝ ፍሰቱም፣ የግድቡ የውኃ ከፍታም እዚያ ይቀመጣል። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግራቸው የሰዓቱ ነገር ነው።

ድምር ወይም አማካይ የሆነ መረጃ የሚመዘገበው የሚለካበት ጊዜ ባለቀበት ሰዓት ነው። የጁን 30 ዝናብ 12 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ፋይሉ ላይ «ጁን 30፣ 24:00» ይላል። እስከዚህ ችግር የለም። ወደ ኤክሴል ሲወጣ ግን ያው ቅጽበት «ጁላይ 1፣ 0:00» ሊሆን ይችላል። በቃ፣ ዝናቡ አንድ ቀን ተንሸራተተ! የወር ድምር ስትሠሩ የጁን መጨረሻ ወደ ጁላይ ይገባል። ጎርፉም ከዝናቡ ቀድሞ የመጣ ይመስላል። ሰው ከዝናቡ ተነሥቶ ፍሰቱን የሚያሰላውን የኮምፒውተር ሞዴል ሲጠራጠርና ሲነካካ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የሞዴሉ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የመረጃውን ዓይነት እዩ። «ፐር-ኪውም» ድምር ነው፣ «ፐር-አቨር» አማካይ። «ኢንስት-ቫል» ካለ የዚያች ቅጽበት ንባብ ብቻ ነው፤ ወደኋላ የሚቆጠር ነገር የለውም።

እኛ አገር ደግሞ የቀን ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ያ ቁጥር ያለፉት 24 ሰዓታት ድምር ነው፤ አብዛኛው የትናንት ነው። ስታስገቡት 24:00 አትበሉት፣ 09:00 በሉት።