ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ልቦለድ ሲጻፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ1928 የተጀመረው የፋሺስት ወረራ የአማርኛ ልቦለድ ደጋግሞ የሚመለስበት ዘመን ነው። ውጊያውን የሚተርክ ብዙ ነው፤ ከውጊያው የተረፈውን ሰው፣ ቤቱን እንደገና ሲያቆም የሚያሳይ ግን ጥቂት። ስለ ዘመኑ ሳንመረምር የተቀበልናቸው ነገሮች ገጸ ባሕርዩን ገና ከመነሻው ያበላሹታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

«የመርዝ ጋዝ የነካው እዚያው ወድቆ ይሞታል»

የተለመደው ትዕይንት እንዲህ ነው፦ አውሮፕላን ያልፋል፣ ጭስ ይወርዳል፣ ሠራዊቱ ጉሮሮውን እንደያዘ ይረግፋል። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በሰሜን ግንባር የተጣለው ኢፔሪት፣ ማለትም የሰናፍጭ ጋዝ፣ ግን እንዲህ አይገድልም። ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ በቦምብ ተጥሏል፣ ከአውሮፕላንም እንደ ካፊያ ተረጭቷል። ቆዳ ሲነካ አያምም። ሕመሙ የሚጀምረው ከ2 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ከዚያ ቢጫ ውሃ ይቋጥራል። ብብትና ብሽሽት፣ ላብ የማይለየው ቦታ ሁሉ ይብስበታል። ዓይን አብጦ ይከደናል፣ ከብዙዎቹ ግን ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ብርሃኑ ይመለስላቸዋል። ሞት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀናት ቆይቶ፣ የመተንፈሻ አካል ሲጎዳ ነው።

ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቆሎ ሲቆረጥም ያመሸ ሰው ጠዋት ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ፈሳሹ ሣርና ቅጠል ላይ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ በባዶ እግሩ የሚጓዘው ባላገር ጠላት በሌለበት ሜዳ እግሩ ይላጣል። ቁስለኛውን የተሸከመው፣ ልብሱን ያጠበችለትም ይቃጠላሉ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ የማይለቅ ሳል፣ በየጊዜው የሚያመረቅዝ ዓይን፣ የጠቆረ ጠባሳ ይቀራል። በ1940 ሌሊቱን ሲስል የሚያድር አባት ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ባይተነፍስም አንባቢ ይረዳዋል።

«ጦርነቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አበቃ»

ያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ነው። ጎንደር ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ግን ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ የጎንደር እናት ልጇን የምትጠብቀው አዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ ከወራት በኋላም ነው ማለት ነው። በመስከረም 1936 ደግሞ በትግራይ የተነሳውን የቀዳማዊ ወያኔ ዐመፅ ለመምታት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበዋል። ከጣልያን ቦምብ ያመለጠ ሰው ከ7 ዓመት በኋላ እንደገና ሰማይ ሰማይ ሲያይ መገኘቱ እውነተኛ ታሪክ ነው።

«የድሮ ሰው ጠንካራ ነበር፤ መንፈሱ አይሰበርም»

ይህንን የሚያርሙ አንዳንድ ጸሐፊዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ በ1934 የሚኖር ዘማች እንደ ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ራሱ ያብራራል። ሐኪሞች ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ የመንፈስ ስብራት የሚጠቀሙበት የምርመራ ስያሜ (PTSD) የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ስሙ አልነበረም፤ ሕመሙ ግን ነበረ። ሰውየው ይቃዣል፣ በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ከሰው ይሸሻል። ጎረቤት «ደንግጦ ቀረ»፣ «መንፈስ ለክፎት ነው»፣ «ዛር አለበት» ይላል። ቤተሰቡ ወደ ጠበል ይወስደዋል፣ ሱባኤ ያስገባዋል፣ አለዚያም ባለ ዛር ዘንድ ቡና ተፈልቶ ከበሮ ይመታል። እነዚህን ለማስዋቢያ ብቻ ማስገባት ስህተት ነው፤ ሰውየውን ከሰው ጋር መልሰው የሚያቀላቅሉት እነሱ ናቸውና ጊዜ ወስዶ መጻፍ ይገባል።

ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ነገርም ከዘመኑ ይውጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የነበረች ልጅ እንበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የጀመረው በመጋቢት 1938 ነው፤ አውሮፕላኖቹም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ማመላለሻ ዳኮታዎች ነበሩ። ሁለት ሞተር፣ ዝቅ ያለ ከባድ ድምፅ። ሌላው እጁን እያውለበለበ ሲያይ እሷ አልጋ ሥር ትገባለች።

«ሐዘን ለማሳየት ለቅሶ ይበቃል»

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አገር ሐዘን ሥርዓት አለው፣ ጦርነቱ የሰበረውም ይህን ሥርዓት ነው። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ አስቀድሞ ይሰባሰባል፣ ባለሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ ማልዶ ይደርሳል። የዘማች ለቅሶ ሲሆን ሬሳው ባይኖርም ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፈረሱ ይወጣል፤ ሙሾ አውራጅ ጀግንነቱን ታወርዳለች። ፍታት አለ፣ ከዚያ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ።

አሁን ደብረ ሊባኖስን እንመልከት። ፋሺስቶች ገዳሙን የከበቡት ግንቦት 12 ቀን 1929 የተክለ ሃይማኖት በዓል ሲከበር ስለነበር ከመነኮሳቱ ጋር ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎችም ተያዙ። በማግስቱ ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ ረሸኗቸው። በዓል ላክብር ብሎ ከቤቱ የወጣው ሰው ቀረ፤ ማን መርዶ ይንገር? የሞተበት ቀን ካልታወቀ አርባው ከየት ይቆጠራል? ሚስቱ ጥቁር ትልበስ ወይስ ትጠብቅ? ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው ደናኔ እስር ቤትና ወደ ጣልያን አገር የተጋዙ ብዙዎች ስለነበሩና ከመካከላቸውም የተመለሱ ስላሉ፣ መጠበቁ ሞኝነት አልነበረም። ያላለቀ ሐዘን በአንድ የሠርግ ወይም የበቀል ምዕራፍ አይዘጋም። እንዲህ ያለችው ሴት ወይ ሳታለቅስ ትኖራለች፣ ወይ አንድ ቀን ወስና ያለ ሬሳ ተዝካሩን ታወጣለች። ሁለተኛው ትዕይንት በእኛ ግምት ከማንኛውም የውጊያ ገጽ ይከብዳል።

«ወይ አርበኛ ነው ወይ ባንዳ»

በመካከል የውስጥ አርበኛ አለ፤ ቀን ለጣልያን ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ ማታ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ የሚልክ። መልእክቱን ይቀበለው የነበረው አርበኛ ከሞተ በ1934 ማን ይመሰክርለታል? በወረራው ጊዜ አገር ለቆ የወጣ ስደተኛም አለ፣ ለጣልያን አድሮ ኋላ የከዳ አስካሪም (የጣልያን ቅጥር የአገር ተወላጅ ወታደር) አለ። ከነፃነት በኋላ ሹመት ከአርበኛው ይልቅ ለስደተኛውና ለባንዳው ደረሰ የሚለው ምሬት ዘመኑን ሁሉ ዘልቋል። ጎጃም ላይ ጣልያንን ሲያርበደብድ የኖረው በላይ ዘለቀ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል፤ ይህን የሰማ የበረሃ ጓደኛው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚል የማያውቅ ጸሐፊ ዘመኑን ገና አልገባበትም።

«ጥቃቅኑን አንባቢ አያስተውለውም»

ያስተውላል። ጣልያን ገበያውን ከአራዳ ወደ መርካቶ ስላዛወረው የ1927 ሰው መርካቶ አይገበያይም። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ በጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹን ስለሚያጋልጥ አርበኛው ተኩሶ ቦታ ይቀይራል። በ1935 ደመወዝ የሚከፈለው በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ወይም በማርትሬዛ ነው፤ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ የወጣው በሐምሌ 1937 ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓርብ ነበር፤ ስለዚህ ጠዋት ጥብስ የሚበላ ክርስቲያን ቤተሰብ አይኑር። የማይጨው ጦርነት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የዋለው። እንዲህ ያለውን ለማወቅ መጀመሪያ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ (ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው)፣ ቀጥሎ ዕለቱን፣ ከዚያ የዚያን ዓመት ፋሲካ ያግኙ።

የሟቾችን ቁጥር ግን በገጸ ባሕርይ አፍ አያስገቡ። ለየካቲት 12ቱ እልቂት የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ወደ 19,000 ይገምታል። ከእሳት ያመለጠ ሰው የሚያውቀው የሰፈሩን ሰው ነው።

«በመጨረሻ ፍርድ ተገኘ»

የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 የጦር አዛዦቹን ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ 10 ጣልያናውያንን በተጠርጣሪነት መዘገበ። በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ግን አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከወራት በኋላም ተፈታ። በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የተወሰነው ካሳ 25 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የቆቃ ግድብ የተሠራው በካሳ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ልቦለዱ የችሎት ትዕይንት ከፈለገ ያልተጠራውን ምስክር ይጻፍ፦ የቃጠሎውን ሌሊት ከነሰዓቱ የምታስታውስና አንድም ቀን ማንም ያልጠየቃትን ሴት።