ከልጆች ጋር ሮኬት ለማስወንጨፍ ቦታ ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጅ ከካርቶን ቱቦ፣ ከቀላል እንጨት ክንፍና ከፕላስቲክ አፍንጫ የገጣጠመውን ሮኬት ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ «መቼ ነው የምናስወነጭፈው?» ወላጅም «ቅዳሜ» ብሎ ይመልሳል። «የት?» የሚለው ግን የሚነሳው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ሲቆም ነው። ያኔ ደግሞ የተገኘው ክፍት ቦታ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ሮኬቱ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ወይም የሰው ጣሪያ ላይ አርፎ ልጅ እያለቀሰ ሲመለስ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሮኬቱ ሳይሆን የሜዳው ነው።

እዚህ የማወራው በፋብሪካ ተሠርቶ በሚሸጥ፣ አንዴ ብቻ በሚያገለግል የባሩድ ሞተር ስለሚነሳው ትንሽ ሮኬት ነው። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ይቀጣጠልና ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ነድዶ ያልቃል። ሮኬቱ በያዘው ፍጥነት ሽቅብ መጓዙን ይቀጥላል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ባሩድ ፈንድታ ፓራሹቱን ገፍታ ታስወጣዋለች። ከዚያ በኋላ ሮኬቱን የሚመራው ነፋስ ነው። የቦታ ምርጫ ስህተቶች ሁሉ የሚመነጩትም ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ከመርሳት ነው።

«ሮኬት የሚሄደው ሽቅብ ነው፤ ቦታው ቢጠብም ግድ የለም»

መነሻው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው፤ ማረፊያው ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ሥሩት። አንድ ቀላል ሮኬት በሲ ሞተር (ፊደሉ የሞተሩን ጉልበት ያመለክታል፤ ኤ ትንሽ ነው፣ ሲ ከፍ ያለ) 300 ሜትር ገደማ ወጣ እንበል። በፓራሹት በሰከንድ 5 ሜትር ቢወርድ፣ መሬት ለመድረስ 60 ሰከንድ ይፈጅበታል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ፣ ማለትም ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ የሚያወዛውዝ ዓይነት ከሆነ፣ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ሮኬቱን 300 ሜትር ይዞት ይሄዳል። የወጣውን ያህል ወደ ጎን ተጓዘ ማለት ነው። ያውም እንዲህ ያለውን ነፋስ ብዙ ሰው «ዛሬ ነፋስ የለም» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ያንኑ ሮኬት በኤ ሞተር፣ ነፋሱ በሰከንድ 2 ሜትር በሆነበት ጠዋት አስወንጭፉት። 80 ሜትር ቢወጣ በ16 ሰከንድ ይወርዳል፤ 32 ሜትር ርቆ ያርፋል። ልጁ እየሮጠ ሄዶ ያነሳዋል። ሜዳውም ሮኬቱም አልተቀየሩም፤ የተቀየሩት ሞተሩና ሰዓቱ ብቻ ናቸው።

«የኳስ ሜዳ ለሁሉም ይበቃል»

በብዛት የምሰማው ይህንን ነው፤ ግማሹም እውነት ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል።

በሞተሩ ላይ የታተመው ፊደል ጠቅላላ ጉልበቱን ያመለክታል፤ አንድ ፊደል ወደፊት በሄዳችሁ ቁጥር ጣሪያው በእጥፍ ያድጋል። ኤ እስከ 2.5 ኒውተን-ሰከንድ (ግፊቱ ከነደደበት ጊዜ ጋር ተባዝቶ)፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፣ ዲ እስከ 20 ነው። ኤ8-3 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ 8 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው፤ 3 ደግሞ ሞተሩ ነድዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደህንነት ደንብ ለእያንዳንዱ ፊደል የሜዳ መጠን አስቀምጧል፦ ከኤ በታች ላለው ለግማሽ ኤ 15 ሜትር፣ ለኤ 30 ሜትር፣ ለቢ 60 ሜትር፣ ለሲ 120 ሜትር፣ ለዲ 150 ሜትር። ከዚያ በላይ ላለው ለኢ በአንዴ ወደ 300 ሜትር ይዘላል። ልብ ማለት ያለብን፣ ሜዳው አራት ማዕዘን ከሆነ የሚለካው አጭሩ ጎን መሆኑን ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። የሚቆጠረው 68ቱ ነው፤ ስለዚህ ለኤ እና ለቢ ይበቃል፣ ለሲ አይበቃም። አንድ ሳጥን ሮኬት ስትገዙ ሥዕሉ ላይ የምታዩት ትልቁ ከፍታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ ሞተር የተገኘው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ዝቅተኛው ልክ እንጂ ምቹው ልክ አይደሉም። ከልጅ ጋር ከሆንኩ እኔ እጥፉን እፈልጋለሁ። ካላገኘሁ ሞተሩን ዝቅ አደርጋለሁ። ወይም ፓራሹቱን አውጥቼ በረጅም ጥብጣብ እተካዋለሁ፤ ጥብጣብ ቶሎ ስለሚወርድ ሩቅ አይነዳም፤ ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሮኬት ደግሞ ይበቃዋል። ፓራሹቱ መሀል ላይ ቀዳዳ መቁረጥም አየሩን እያሳለፈ ያፈጥነዋል። ሜዳን ለሞተር ከመፈለግ ሞተርን ለሜዳ መምረጥ ይቀላል።

«ነፋስ ሮኬቱን ሲወጣም ሲወርድም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፋው፤ ማስወንጨፊያው የትም ቢተከል ግድ የለም»

ሲወጣና ሲወርድ ነፋሱ የሚሠራበት በተቃራኒው ነው። ክንፎቹ ያሉት ሮኬቱ ጭራ ላይ ስለሆነ፣ በመውጣት ላይ ሳለ ነፋሱ ጭራውን ይገፋል፤ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው የነፋስ አቅጣጫ አመልካች እንደሚያደርገው ማለት ነው። ስለዚህ ሮኬቱ መጀመሪያ ነፋሱን ሰንጥቆ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ፓራሹቱ ሲዘረጋ ደግሞ ተመልሶ በላያችሁ አልፎ ወደ ኋላ ይነዳል። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ማስወንጨፊያውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ጠጋ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ሰፊው ሜዳ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይቅር። ሮኬቱ ሲነሳ አቅጣጫ የሚይዝበትን የማስወንጨፊያውን ዘንግ በጥቂቱ ወደ ነፋሱ ማዘንበልም ይረዳል፤ ደንቡ ግን ከቀጥታው ከ30 ዲግሪ በላይ ማዘንበልን ይከለክላል።

ደንቡ የሚፈቅደው የመጨረሻው ነፋስ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው የሚወዛወዙበት ነፋስ ነው፤ ለልጆች ቀን አይሆንም። ማለዳና አመሻሽ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ሞቃት አየር ሽቅብ ይነሳል፤ ቀላል ሮኬት በትልቅ ፓራሹት እዚያ ውስጥ ከገባ መውረዱን ትቶ ሊወጣ ይችላል። በዓይን እየታየ ይጠፋል።

«አስፋልት አይቃጠልም፤ ከሣር ይሻላል»

ስለ እሳት ማሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ጠንካራ መሬት ላይ ያረፈ ሮኬት ደግሞ ክንፉ ይሰበራል። አጭር፣ አረንጓዴ ሣር ከሁሉም ይበልጣል። የደረቀ ረጅም ሣርና የታጨደ ማሳ ገለባ ግን በፍጹም አይሆኑም፤ ከሞተሩ የሚወጣው ነበልባል አንዲት ጭራሮ ካገኘች ይበቃታል። ማስወንጨፊያው እሳቱን የሚመልስ የብረት ሳህን ይኑረው፤ ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ነገር ሁሉ ጥረጉ፤ መሬቱን አርጥቡት፤ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ቡቃያ ያለበት ማሳ ደግሞ የሰው ድካም ነው፤ ልጆች ሮኬት ፍለጋ አይረግጡትም።

«ሽቦ ወይም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ በረጅም እንጨት ማውረድ ነው»

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተሰቀለ ሮኬት አይወርድም። በእንጨትም፣ በቧንቧም፣ በድንጋይም። ደንቡም ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከረጅም ዛፍና ከሌላ አደገኛ ቦታ ሮኬት ማውጣትን በግልጽ ይከለክላል። ለልጁ ይህን የምትነግሩት ከማስወንጨፋችሁ በፊት፣ ሮኬቱ ገና በእጁ ሳለ ነው። ከተሰቀለ በኋላ ልቡም አብሮ ስለተሰቀለ አይሰማችሁም። እናንተ በሌላችሁበት ተመልሶ የሚወጣ ልጅ አለ።

ቦታ ስትመርጡ ቀና ብላችሁ ሽቦውን ቁጠሩ። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል የከፍተኛ ኃይል መስመር ካለ ሜዳው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ሌላ ፈልጉ። ሐይቅና ወንዝም እንደዚሁ ናቸው፤ ልጅ ሮኬቱን ተከትሎ ወደ ውሃ እንደሚሮጥ አትጠራጠሩ።

«ልጆች በቅርብ ቢያዩት ይሻላቸዋል፤ ሲወርድም ሮጠው ይቅለቡት»

እስከ ዲ ሞተር ድረስ ሁሉም ሰው ቢያንስ 4.5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሞተር 9 ሜትር ይርቃል። ርቀቱን በገመድ ወይም በኖራ መሬት ላይ አሳዩት፤ «ራቅ በሉ» ማለት ለልጅ መለኪያ አይሆንም። ማብሪያው የሚሠራበት የደህንነት ቁልፍ ሁሌም በአዋቂው ኪስ ይሁን። አዝራሩን ተጭነው ሮኬቱ ካልተነሳ ቁልፉን ነቅሎ 60 ሰከንድ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ያቺን ደቂቃ ልጆቹ ጮክ ብለው ይቁጠሯት።

ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ የማስወንጨፊያው ዘንግ ነው። ቀጭን ብረት ስለሆነ ከላይ ሲታይ ነጥብ ይመስላል፤ ጎንበስ ያለ ልጅ ዓይኑን ሊወጋው ይችላል። ሮኬት በሌለበት ጊዜ ጫፉ ይከደን፤ ወይም ዘንጉ ይነቀል።

ከዚያ መውረዱ አለ። ልጅ ሽቅብ አንጋጦ ሲሮጥ እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ጉድጓድ፣ ድንጋይ፣ የአጥር ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ መንገድ። መኪና የሚያልፍበት መንገድ የሜዳው ጠርዝ ላይ ካለ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ቦታውን እተወዋለሁ። ሮኬቱም በእጅ አይቀለብም፤ መሬት እስኪነካ ይጠበቃል። አንዳንዴ ፓራሹቱ ሳይወጣ ይቀርና ሮኬቱ በአፍንጫው ቁልቁል ይምዘገዘጋል። ያኔ ያየ ሰው ይጮሃል፣ ሁሉም ዓይኑን ከሮኬቱ ሳይነቅል ከሚወርድበት ይሸሻል። ለዚህ ደግሞ ዞር የሚባልበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል።

«ክፍት ቦታ የማንም አይደለም፤ ፈቃድ ምን ያደርጋል?»

ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ግለሰብ፣ ትምህርት ቤት ወይም አስተዳደር። ልጁን ይዛችሁ ሮኬቱን አሳይታችሁ ጠይቁ። «ሮኬት» የሚለው ቃል በስልክ ሲሰማ ያስፈራል፤ በእጅ ሲታይ የካርቶን ቱቦ ነው። የአገር ሕግም አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ለምሳሌ ከወረቀት፣ ከእንጨት ወይም ተሰባሪ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከነሞተሩ ከ1,500 ግራም የማይበልጥ፣ ከ125 ግራም ያልበለጠ ነዳጅ የያዘ ሮኬት የአቪዬሽን ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አውሮፕላንን ለአደጋ ማጋለጥ ግን ክልክል ነው። በሌላ አገር የባሩድ ሞተር መግዛት ራሱ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የትም ብትሆኑ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራቁ፤ ደመና ውስጥም አታስገቡ።

«እነዚህ ደንቦች ለትልልቅ ሰዎች ሮኬት ነው የወጡት»

በተቃራኒው፣ ከመነሻው ልጆች ናቸው ያስወጧቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል የመጀመሪያውን ሞዴል ሮኬት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት ስፑትኒክ ስትመጥቅ ብዙ ልጆች ነዳጁን ራሳቸው እየቀመሙ ሮኬት ለመሥራት ተነሱ፤ የተቃጠሉና ጣታቸውን ያጡ ነበሩ። በኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ጣቢያ የሠራው ጂ. ሃሪ ስታይን የካርላይልን ሐሳብ ይዞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞተርንና የደህንነት ደንብን አስተዋወቀ፤ የሮኬት ማኅበሩም በዚያው በ1957 ተመሠረተ። የ60 ሰከንዷ ጥበቃም ሆነች የሜዳው ሰንጠረዥ የልጆች እጅና ዓይን ታስቦባቸው የቆሙ ናቸው።

«ትልቅ ሜዳ ካልተገኘ ነገሩ ቀረ»

አልቀረም። የግማሽ ኤ ሞተር አለ። በአየር ግፊት የሚነሳ የወረቀት ሮኬት አለ፤ እሳት የለውም፣ ልጁ በእግሩ ረግጦ ያስወነጭፈዋል። የሮኬት ክበብ በአቅራቢያችሁ ካለ ደግሞ ሜዳውንም ፈቃዱንም አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ሜዳ አገኛችሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ከዋናው ቀን በፊት አንድ አመሻሽ ላይ ሮኬቱን ቤት ትታችሁ ከልጁ ጋር ሂዱ። አጭሩን ጎን በእርምጃ ይለካ፤ የእናንተ እርምጃ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 80 እርምጃ 60 ሜትር ነው፤ የልጁን እርምጃ ደግሞ በሜትር ለክታችሁ ራሱ ያስላው። እፍኝ ሣር ወደ ላይ በትኖ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ይይ። ከዚያ በዚያ አቅጣጫ እስከ ሜዳው ጫፍ አብራችሁ ተራመዱና ሽቦውን፣ ዛፉን፣ መንገዱን፣ ውሃውን እሱ ይቁጠርላችሁ።